በፕሮፌሽናል እግር ኳስ የአበረታች ቅመሞች እገዳና ፍትሐዊነቱ

በፕሮፌሽናል እግር ኳስ የአበረታች ቅመሞች (ዶፒንግ) እገዳ ማለት በሰውነቱ ውስጥ የተከለከለ ንጥረ ነገር የተገኘበት ወይም ለምርመራ ናሙና ያልሰጠ ተጫዋች ለተወሰነ ጊዜ ከውድድርና ከቡድን ልምምድ የሚታገድበት ሥርዓት ነው። የሥርዓቱ ዓላማ ሁለት ነው፦ አንደኛው ውድድሩ በችሎታ እንጂ በመድኃኒት እንዳይወሰን ማድረግ፣ ሁለተኛው የተጫዋቾችን ጤና መጠበቅ።

በዓላማው ላይ እምብዛም ክርክር የለም፤ የሚያከራክረው አፈጻጸሙ ነው። ክርክሩም በሦስት ጥያቄዎች ዙሪያ ይሽከረከራል። ሆን ብሎ ያታለለና ሳያውቅ የወሰደ ተጫዋች ቅጣታቸው ምን ያህል ሊራራቅ ይገባል? ንጽሕናን ወይም ጥፋትን የማስረዳት ሸክም የማን ነው? ውሳኔውስ የተጫዋቹ አጭር የጨዋታ ዘመን ሳያልፍ ይደርሳል ወይ? በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

የሕጎቹ አመጣጥ

የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን (ፊፋ) በዓለም ዋንጫ የአበረታች ቅመም ምርመራ የጀመረው በ1966 በእንግሊዝ በተካሄደው ውድድር ነው። በ1974 የሄይቲው ተከላካይ ኤርንስት ዣን ዦሴፍ በምርመራ ምክንያት ከዓለም ዋንጫ የተባረረ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። በ1994 ደግሞ አርጀንቲናዊው ዲዬጎ ማራዶና በአሜሪካው የዓለም ዋንጫ ኤፌድሪን ተገኝቶበት ከውድድሩ ከወጣ በኋላ የ15 ወር እገዳ ተጣለበት።

በዚያ ዘመን እያንዳንዱ የስፖርት ፌዴሬሽን የራሱን ቅጣት ያወጣ ነበር። ይህን ልዩነት ለማስቀረት በ1999 የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ (ዋዳ) ተቋቋመ። ለሁሉም ስፖርቶች አንድ እንዲሆን የተዘጋጀው የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ሕግ በ2003 ጸድቆ በ2004 ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ለመጀመሪያ ከባድ ጥሰት የሁለት ዓመት እገዳን መነሻ አደረገ።

ፊፋ ይህን በቀላሉ አልተቀበለም። የፊፋ መከራከሪያ እያንዳንዱ ጉዳይ በየራሱ ሊመዘን ይገባል፣ ለመጀመሪያ ጥፋትም ቅጣቱ ከስድስት ወር ሊጀምር ይችላል የሚል ነበር። ሁለቱ ተቋማት መቀመጫው በስዊዘርላንድ ሎዛን የሆነውን የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት (ካስ) አስተያየት ጠየቁ። ፍርድ ቤቱ በ2006 በሰጠው የምክር አስተያየት የፊፋ ደንብ ከዓለም አቀፉ ሕግ ጋር የማይጣጣምባቸውን ነጥቦች ለይቶ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የእግር ኳስ ደንቦች ደረጃ በደረጃ ከዋዳ ሕግ ጋር እንዲስማሙ ተደርገዋል። ይሁን እንጂ ያኔ የተነሣው ጥያቄ፣ አንድ ወጥ ሕግ ወይስ በየጉዳዩ የሚመዘን ፍርድ የሚለው፣ ዛሬም አልተዘጋም።

ሕጉ የሚሠራበት መንገድ

ተጫዋቾች ከጨዋታ በኋላ ወይም በልምምድ ቦታቸው ሳይነገራቸው ሊመረመሩ ይችላሉ። የሚሰጡት ሽንት በሁለት ጠርሙስ ይከፈላል። «ኤ» ናሙና የተባለው መጀመሪያ ይመረመራል፤ የተከለከለ ነገር ከተገኘበት ተጫዋቹ «ቢ» ናሙና እንዲከፈትለት የመጠየቅ መብት አለው።

የሕጉ ምሰሶ በሕግ ቋንቋ «ያለ ጥፋት ኃላፊ መሆን» የሚባለው መርሕ ነው። ንጥረ ነገሩ በተጫዋቹ ሰውነት ውስጥ መገኘቱ ብቻውን ጥሰት ነው፤ እንዴት እንደገባ፣ ዐውቆ ይውሰድ አይውሰድ ጥሰቱ መኖር አለመኖሩን አይለውጠውም። የተጫዋቹ ሐሳብና ጥንቃቄ የሚታየው በሁለተኛው ደረጃ፣ የእገዳው ርዝመት ሲወሰን ነው።

ከ2015 ጀምሮ መነሻው በንጥረ ነገሩ ዓይነት ይለያያል፦

• እንደ አናቦሊክ ስቴሮይድ ላሉ ከባድ ቅመሞች መነሻው አራት ዓመት ነው። ተጫዋቹ ሆን ብሎ እንዳልወሰደ ራሱ ካስረዳ ወደ ሁለት ዓመት ይወርዳል።

• ለሕክምና ወይም በስሕተት ሊወሰዱ ይችላሉ ተብለው በተለየ መደብ ለተቀመጡ ንጥረ ነገሮች መነሻው ሁለት ዓመት ነው። ወደ አራት ዓመት ከፍ የሚለው ከሳሹ አካል ሆን ተብሎ መወሰዱን ካስረዳ ነው።

• ተጫዋቹ «ጉልህ ጥፋት» እንዳልነበረበት ካሳየ ቅጣቱ ከዚህም ሊቀንስ ይችላል። ምንም ጥፋት እንደሌለበት ካሳየ እገዳው ሙሉ በሙሉ ይነሣል።

ቅነሳ የሚፈልግ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ንጥረ ነገሩ ወደ ሰውነቱ የገባበትን መንገድ ማስረዳት አለበት። ይህም ከሁለት ግምቶች ይበልጥ እውነት የሚመስለው የእሱ መሆኑን ማሳየት ማለት ነው። «አላውቅም» የሚል መልስ፣ እውነት ቢሆን እንኳ፣ አይጠቅመውም።

የፓውሎ ጌሬሮ ጉዳይ

በሕጉ ጥብቅነትና በግለሰቡ ጥፋት መካከል ያለውን ርቀት ከሚያሳዩት ጉዳዮች አንዱ የፔሩ አምበል የፓውሎ ጌሬሮ ነው። በጥቅምት 2017 አርጀንቲናና ፔሩ በቦነስ አይረስ ባደረጉትና 0 ለ 0 በተለያዩበት የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታ በኋላ በተወሰደው ናሙና የኮኬይን ቅሪት ተገኘ። ጌሬሮ ኮኬይን አልወሰድኩም፣ ቅሪቱ የመጣው ከጠጣሁት ሻይ ነው ብሎ ተከራከረ። ኮኬይን የሚሠራበት የኮካ ቅጠል በአንዲስ ተራሮች አካባቢ ከጥንት ጀምሮ የሚታኘክና እንደ ሻይ የሚፈላ ነው።

የፊፋ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አንድ ዓመት አገደው፤ የፊፋ ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ ወደ ስድስት ወር አወረደው። ጌሬሮ ቅጣቱን ጨርሶ ወደ ሜዳ ከተመለሰ በኋላ ግን ዋዳ ባቀረበው ይግባኝ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2018 እገዳውን ወደ 14 ወር ከፍ አደረገው። ፍርድ ቤቱ ተጫዋቹ ጥፋት እንዳለበት፣ ጥፋቱ ግን ጉልህ እንዳልሆነ ገልጾ ነበር። የዓለም ዋንጫው ሊጀመር የቀረው አንድ ወር ብቻ ነበር። ፔሩ ለዓለም ዋንጫ ስታልፍ ከ1982 ወዲህ የመጀመሪያዋ ሲሆን፣ ጌሬሮም 34 ዓመቱ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ያልተለመደ ነው። ፔሩ በምድቡ የምትገጥማቸው የፈረንሳይ፣ የዴንማርክና የአውስትራሊያ አምበሎች ሁጎ ሎሪስ፣ ሲሞን ኬርና ማይል ዬዲናክ እገዳው ለዓለም ዋንጫው እንዲቆምለት ለፊፋ በጋራ ጻፉ። ደንቡ ሊጠብቃቸው የቆመላቸው ተጋጣሚዎች ራሳቸው ለታገደው ተጫዋች ቆሙ ማለት ነው። የስዊዘርላንድ ፌዴራል ፍርድ ቤትም በግንቦት መጨረሻ እገዳውን ለጊዜው አነሣ። ጌሬሮ በሩሲያ ተጫውቶ አውስትራሊያ ላይ ግብ አስቆጠረ። የጊዜያዊው ትእዛዝ ውጤት በነሐሴ 2018 ሲያበቃ የቀረውን እገዳ ፈጽሞ በሚያዝያ 2019 ተመለሰ።

በአንድ ጉዳይ፣ በአንድ ማስረጃ፣ ሦስት አካላት 12፣ 6 እና 14 ወር ወሰኑ። ሕጉን የሚተቹ ወገኖች ይህን እንደ ወጥነት ማጣት ያዩታል። የሚደግፉት ደግሞ ይግባኝ የሚባልበት ሥርዓት መኖሩን ያሳያል ይላሉ።

ጊዜያዊ እገዳና የማማዱ ሳኮ ጉዳይ

ናሙናው ጥሰት ካሳየ በኋላ ዋናው ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ተጫዋቹ በጊዜያዊነት ሊታገድ ይችላል። ለከባድ ቅመሞች ይህ ግዴታ ነው። ምክንያቱም ጥሰት የተገኘበት ተጫዋች መጫወቱን ቢቀጥል ተጋጣሚዎቹ ይጎዳሉ። በሌላ በኩል ተጫዋቹ ነጻ ከወጣ ያመለጡትን ጨዋታዎች የሚመልስለት የለም።

የሊቨርፑሉ ፈረንሳዊ ተከላካይ ማማዱ ሳኮ በመጋቢት 2016 ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ከተደረገ የዩሮፓ ሊግ ጨዋታ በኋላ ተመርምሮ ሂጀናሚን የተባለ ንጥረ ነገር ተገኘበት። ንጥረ ነገሩ ስብ ለማቃጠል ከወሰደው ሳፕሊመንት የመጣ ነበር። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበራት ኅብረት (ዩኤፋ) በሚያዝያ መጨረሻ ለ30 ቀናት አገደው። ሊቨርፑል በሴቪያ 3 ለ 1 የተሸነፈበት የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ በዚህ መካከል አለፈው፤ በአገሩ በተዘጋጀው የአውሮፓ ዋንጫም ከፈረንሳይ ቡድን ውጭ ሆነ።

የዩኤፋ የዲሲፕሊን አካል ግን ጉዳዩን ሲመረምር ሂጀናሚን በዚያን ጊዜ በተከለከሉ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ በስሙ አለመጠቀሱን አየ፤ ክሱንም ውድቅ አደረገ። ውሳኔው የተሰማው ሐምሌ 8 ቀን 2016 ሲሆን፣ ፈረንሳይ በፖርቱጋል የተሸነፈችበት የፍጻሜ ጨዋታ ሊደረግ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፣ ነጻ መውጣቱ የደረሰው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ሂጀናሚን በዋዳ ዝርዝር ላይ በስሙ የተጠቀሰው በ2017 ነው። በኅዳር 2020 ዋዳ ስለ ተጫዋቹ ለሰጣቸው መግለጫዎች በለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቅርታ ጠይቆ ካሣ ለመክፈል ተስማማ።

የቤት መድኃኒትና ሳፕሊመንት

ከማታለል ሐሳብ ውጭ የሚደርሱ ጥሰቶች ብዙውን ጊዜ ከቤት መድኃኒት ወይም ከሳፕሊመንት ይመነጫሉ። የማንቸስተር ሲቲው ኮትዲቯራዊ ተከላካይ ኮሎ ቱሬ በ2011 ባለቤቱ ክብደት ለመቀነስ የምትጠቀምበትን ክኒን ወስዶ ስድስት ወር ታገደ። የአያክሱ ካሜሩናዊ ግብ ጠባቂ አንድሬ ኦናና ደግሞ በጥቅምት 2020 በተሰጠ ናሙና ፉሮሰማይድ የተባለ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ተገኘበት። መድኃኒቱ የባለቤቱ ነበር፤ ሕመም ሲሰማው በስሕተት እንደወሰደው አስረዳ። ዩኤፋ የማታለል ሐሳብ እንዳልነበረው ተቀብሎ፣ ወደ ሰውነቱ የሚገባውን የመቆጣጠር ግዴታ ግን የተጫዋቹ ነው በማለት 12 ወር አገደው። በይግባኝ ወደ 9 ወር ቀነሰለት።

ፉሮሰማይድ ጉልበት አይጨምርም። የተከለከለው ሽንትን በማብዛት የሌሎች ቅመሞችን ዱካ ሊደብቅ ስለሚችል ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች የሠሩት ስሕተት ተመሳሳይ ቢመስልም፣ የቀጣው አካልና በየጊዜው ሥራ ላይ የነበረው ደንብ ስለተለያየ እገዳቸው እኩል አልሆነም።

የቅጣት ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በፈረንሳዊው አማካይ በፖል ፖግባ ላይ ነው። በነሐሴ 2023 ዩቬንቱስ ከኡዲኔዜ ጋር ከተጫወተ በኋላ በተወሰደ ናሙና ዲኤችኢኤ የተባለ፣ ቴስቶስትሮንን ከፍ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ተገኘበት። የጣሊያን የፀረ-ዶፒንግ ችሎት በየካቲት 2024 መነሻውን ቅጣት፣ አራት ዓመት፣ ወሰነበት። በዚያን ጊዜ 31 ዓመት ሊሞላው ለተቃረበ ተጫዋች ይህ የጨዋታ ዘመኑ መጨረሻ ማለት ነበር። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2024 ሆን ብሎ እንዳልወሰደና ንጥረ ነገሩ አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ካዘዘለት ሳፕሊመንት እንደመጣ ተቀበለ። ሆኖም እንደ ፕሮፌሽናል ተጫዋች የበለጠ መጠንቀቅ ነበረበት ብሎ 18 ወር አገደው። በኅዳር ወር ከዩቬንቱስ ጋር የነበረው ውል በስምምነት ተቋረጠ።

ናሙና አለመስጠት

ናሙና መስጠትን መሸሽ እንደ ጥሰት ባይቆጠር ኖሮ ጥፋተኛ ሁሉ ከምርመራ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ ሕጉ እዚህም ላይ ጥብቅ ነው። የማንቸስተር ዩናይትዱ ተከላካይ ሪዮ ፈርዲናንድ በመስከረም 2003 በልምምድ ቦታው ናሙና ሳይሰጥ ሄደ፤ ረስቼው ነው አለ። በቀናት ውስጥ ያደረገው ምርመራ ንጹሕ ነበር። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ስምንት ወር አግዶ 50,000 ፓውንድ ቀጣው፤ የ2004 የአውሮፓ ዋንጫም አመለጠው። ጉዳዩ ገና ሳይወሰን ከብሔራዊ ቡድን ውጭ በመደረጉ የቡድን ጓደኞቹ ከቱርክ ጋር የሚደረገውን ጨዋታ አንጫወትም እስከ ማለት ደርሰው ነበር።

ክርክሩን ያባባሰው ንጽጽር ነው። የማንቸስተር ሲቲው ክርስቲያን ኔጉዋይ በዚያው ዓመት ምርመራ አምልጦት የተቀጣው 2,000 ፓውንድ ብቻ ነበር። አንዱ ወገን የሁለቱ ምክንያት የተለያየ ነው ሲል፣ ሌላው ፈርዲናንድ ታዋቂ ስለሆነ መቀጣጫ ተደረገ አለ።

አደንዛዥ ዕፆችና ጫት

ለመዝናናት የሚወሰዱ ዕፆች ሌላ ጥያቄ ያስነሣሉ፦ የጨዋታ ብቃትን የማያሻሽልን ነገር የስፖርት ሕግ ለምን ይቀጣል? ሮማኒያዊው አጥቂ አድሪያን ሙቱ በ2004 ኮኬይን ተገኝቶበት ሰባት ወር ታገደ፤ ቼልሲም አሰናበተው። ቅጣቱ ግን በዚያ አላበቃም። ክለቡ ለጠፋበት የዝውውር ዋጋ ካሣ ጠይቆ፣ ፊፋ በ2008 ሙቱ ከ17 ሚሊዮን ዩሮ በላይ እንዲከፍል ወሰነ። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱም በ2009 ይህን አጸና። ሰባት ወር የተባለው እገዳ በውል ሕግ በኩል ሲታይ እጅግ ከባድ ሆነ።

በ2021 ሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለ ሕግ በዚህ ረገድ ለውጥ አምጥቷል። ኮኬይንን፣ ሄሮይንን፣ ኤክስታሲንና የካናቢስን ዋና ንጥረ ነገር በተለየ መደብ አስቀመጠ። ተጫዋቹ ዕፁን የወሰደው ከውድድር ውጭ መሆኑንና ከጨዋታ ብቃት ጋር እንደማይገናኝ ካስረዳ እገዳው ሦስት ወር ነው። ተቀባይነት ያለው የሕክምና ፕሮግራም ካጠናቀቀ ደግሞ ወደ አንድ ወር ሊወርድ ይችላል።

በኢትዮጵያና በአጎራባች አገሮች የሚቃመው ጫትም በዚህ ሕግ ይነካል። በጫት ውስጥ የሚገኙት ካቲንና ካቲኖን በዋዳ የአነቃቂዎች ዝርዝር ላይ ናቸው። ካቲን የሚከለከለው በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም ሲበልጥ ነው፤ ለካቲኖን ግን እንዲህ ያለ የመጠን ወለል የለም። ክልከላው የውድድር ጊዜን ብቻ ይመለከታል፤ ይህም ከጨዋታው ዋዜማ እኩለ ሌሊት ገደማ ጀምሮ ያለው ጊዜ ነው። ነገር ግን የሚለካው በናሙናው ውስጥ ያለው ቅሪት እንጂ የተቃመበት ሰዓት አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ የተቃመ ጫትም ተጫዋቹን ለክስ ሊዳርገው ይችላል። ጫት ከላይ በተጠቀሱት የሦስት ወር ዕፆች መደብ ውስጥ ስላልተካተተ የሚታየው በመደበኛው የሁለት ዓመት መነሻ ነው።

የደጋፊዎችና የተቺዎች ክርክር

ጥብቁን ሕግ የሚደግፉ ወገኖች ዋና ምክንያት ማስረጃ ነው። አንድ ሰው በልቡ ያሰበውን ላቦራቶሪ ሊለካ አይችልም። ከሳሽ በየጉዳዩ ሐሳብን እንዲያስረዳ ቢገደድ፣ ሆን ብሎ የወሰደውም «ሳላውቅ ነው» ብሎ ያመልጣል፤ ንጹሕ ሆነው የሚጫወቱትም መብታቸውን ያጣሉ። ፕሮፌሽናል ተጫዋች የክለብ ሐኪም አለው፣ ዝርዝሩም በየዓመቱ ይታተማል፣ በሽታ ላለበት ደግሞ የሕክምና ፈቃድ የሚጠየቅበት መንገድ አለ፤ ስለዚህ ጥንቃቄ መጠየቁ ከአቅሙ በላይ አይደለም ይላሉ።

ተቺዎች በበኩላቸው አንድ ዓይነት ሕግ በሁሉም ላይ እኩል አይከብድም ይላሉ። በአማካይ ከ10 እስከ 15 ዓመት በማይዘልቅ ሙያ ውስጥ የአራት ዓመት እገዳ ለአንዱ ረጅም ዕረፍት፣ ለሌላው የሙያ ፍጻሜ ነው። ንጥረ ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ጠበቃ፣ የመድኃኒት ባለሙያና የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል። ፖግባና ጌሬሮ ይህን ከፍለው እስከ መጨረሻው ችሎት ሊከራከሩ ቻሉ፤ በአነስተኛ ሊግ የሚጫወት ተጫዋች ግን የመጀመሪያውን ውሳኔ ተቀብሎ ሊቀር ይችላል። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ አቅም ለሌላቸው የሚውል የሕግ ድጋፍ ቢኖረውም፣ ይህ ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

እግር ኳስ የቡድን ጨዋታ መሆኑም ሌላ ገጽታ አለው። በአጠቃላይ ሕጉ በቡድኑ ላይ ቅጣት የሚያስገድደው በአንድ ውድድር ከሁለት በላይ ተጫዋቾች ሲጥሱ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ተጫዋች ሙያውን ሲያጣ እሱ የተሰለፈበት ጨዋታ ውጤት ይጸናል። ሸክሙ በግለሰቡ ላይ ሲያርፍ፣ ሳፕሊመንቱን ያዘዘው ባለሙያ ወይም ክትትሉን ያላላው ክለብ ከቅጣቱ ውጭ ሊቀር ይችላል።

ከ2006ቱ የፊፋና የዋዳ ክርክር ወዲህ ሕጉ በሁለት አቅጣጫ ሄዷል። ለአታላዮች የሚጣለው መነሻ ቅጣት ከሁለት ወደ አራት ዓመት አድጓል፤ ላልታሰበ ጥሰትና ለአደንዛዥ ዕፆች ደግሞ የመቀነሻ በሮች ተከፍተዋል። ከላይ የተጠቀሱት ጉዳዮች እንደሚያሳዩት ግን በእነዚህ በሮች ለመግባት ተጫዋቹ ማስረጃ፣ ገንዘብና ጊዜ ያስፈልገዋል። ከሦስቱ ደግሞ በይግባኝ ሊመለስ የማይችለው ጊዜ ነው።